ልጆቻችን «ይኼ እንዴት ታወቀ?» ብለው ይጠይቁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ በአንባብያን አምድ ላይ ስለ ታሪክ ትምህርት ሁለት ደብዳቤዎች ወጥተው ነበር። አንዱን የጻፉት አባት፣ ታሪክ ልጆችን ከማናቆር በቀር የሚፈይደው ነገር ስለሌለ ከትምህርት ቤት ይውጣ ይላሉ። ጊዜው የሒሳብና የኮምፒውተር ነው ባይ ናቸው። ሌላዋ እናት ደግሞ እንዲያውም ክፍለ ጊዜው ይጨመር፣ ግን ልጁን በአገሩ የሚያኮራው ብቻ እየተመረጠ ይሰጠው ብለዋል። ሁለቱም ከልባቸው እንደጻፉ ያስታውቃል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ደብዳቤዎቹ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ብዙ አነጋግረዋል። ከባልደረቦቼ ግማሹ ከአባትየው፣ ግማሹ ከእናትየዋ ጎን ሲቆም እኔ ከሁለቱም ጋር መስማማት አቃተኝ።

ሁለቱም ታሪክን ተጽፎ ያለቀ ነገር አድርገው ነው ያዩት። አስተማሪው ያቀብላል፣ ልጁ ይቀበላል። ክርክራቸው ይቀበል ወይስ ይቅርበት የሚለው ላይ ነው። በእኔ እምነት ታሪክ የምናስተምርበት ትልቁ ምክንያት ልጁ አንድ ነገር ሲነገረው «ይኼ እንዴት ታወቀ?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ የሚሰጠውንም መልስ ራሱ እንዲመዝን ነው። ሳይንስም ይህንኑ ያስተምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ስለ ሥልጣን፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ዘር ሲወራ ላብራቶሪ የለም። ያለው ወረቀት፣ ድንጋይ፣ ሳንቲም፣ ፎቶግራፍና የሰው ቃል ነው። እነዚህን መመርመር የሚለመደው ታሪክ ክፍል ውስጥ ነው።

በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አክሱምን ሳስተምር መጽሐፉን አስዘጋለሁ። የንጉሥ ኢዛናን ሁለት የወርቅ ሳንቲሞች ፎቶ አስፍቼ ኮፒ አደርግና ለአራት ለአራት ተማሪ አንድ አንድ ወረቀት አድላለሁ። በሁለቱም ላይ ዘውድ የደፋ ንጉሥ አለ። ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ከቦታል። ጽሑፉ ግሪክኛ ነው። «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብቻ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «እዚህኛው አናት ላይ ጨረቃ አለ» ይላል። ሌላዋ «በዚህኛው ደግሞ መስቀል ነው» ትላለች። ክፍሉ ይንጫጫል። ንጉሡ ሃይማኖት ቀይሯል! መጽሐፉ በአንድ መስመር ያለፈውን ነገር ራሳቸው አገኙት።

ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። «እሺ፣ ንጉሡ ቀየረ። ሕዝቡስ?» እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የወርቅ ሳንቲም ገበሬ እጅ ይገባል እንዴ?» አለችኝ። ነገሩን ነካችው። ወርቁ በግሪክኛ የተጻፈበት ከውጭ ሰው ጋር ለሚደረገው ንግድ ስለሚውል ነው። ስለዚህ ሳንቲሙ የሚነግረን ንጉሡ በውጭ ነጋዴ ፊት እንዴት መታየት እንደፈለገ ነው። ገበሬው በዚያው ዓመት ለማን ይጸልይ እንደነበር አይነግረንም። ቀጥለን የድንጋይ ጽሑፎቹን እንጨምራለን። በቀደሙት ላይ ኢዛና ድሉን የሰጠው ማሕረም የተባለው አምላክ እንደሆነ ይናገራል። በኋለኛው ላይ የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆንስጣንዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤም አለ። ሳንቲም፣ ድንጋይና ደብዳቤ፤ ሦስት የተለያዩ ምስክሮች። ልጆቹ የትኛው ምን እንደሚያውቅ፣ የትኛው ምን እንደማያውቅ ይከራከራሉ። በዚያ ክፍለ ጊዜ የሸመደዱት ምንም ነገር የለም። ግን ዓመቱ ሲያልቅም ያስታውሱታል።

አሁን ወደ እናትየዋ ልምጣ። ልጅ በአገሩ ቢኮራ ደስ ይለኛል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ምን እንደተደረገ የማያውቅ ተማሪ የለኝም። «እንዴት አሸነፍን?» ስላቸው ግን «በጀግንነት!» ይሉና ያቆማሉ። ጀግንነቱ እውነት ነው። ለአንድ ትምህርት ግን ይህ መልስ አይበቃም። ስንቁን ማን ተሸከመው? ጠመንጃው ከየት መጣ? ጣልያኖቹስ ለምን ያን ሌሊት ተነሡ? ይህን ስንጠይቅ ነገሩ ይሰፋል። የሁለቱም ሠራዊት ስንቅ እያለቀ እንደነበር ያገኛሉ። የጣልያን ጦር መሪ ጄኔራል ባራቲየሪ ለአዛዦቹ የሰጠው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያለ ቦታው እንዳስቀመጠ፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ ትክክለኛውን ኮረብታ ፍለጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች ርቆ ወደ ፊት እንደሄደ፣ ብቻውን እንደተመታ ያገኛሉ። አንዱ ልጅ «ታዲያ ጣልያኖቹ ጥቂት ቀን ቢታገሡ የእኛ ሰዎች በስንቅ እጦት ይበተኑ ነበራ?» ሲል ሰማሁት። ይህ ልጅ ኩራቱ አልቀነሰም። ሰዎቹ ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ እንደቆሙ ስለገባው የበለጠ አከበራቸው።

የሚያኮራውን ብቻ መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የመምረጡን ሥልጣን ማን ይይዘዋል? ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ታላቋ ዚምባብዌ ናት።

በዛሬዋ ዚምባብዌ ያለ ምንም ማጣበቂያ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የቆመ ከተማ አለ። የውጭኛው ግንብ በአንዳንድ ቦታ ከ10 ሜትር በላይ ይደርሳል። ነጭ ሰፋሪዎች ሲያዩት ይህን አፍሪካውያን ሊሠሩት አይችሉም አሉ። ፊንቄያውያን ናቸው ተባለ። ንግሥተ ሳባ ናት ተባለ። ይህ ተረት ለሰፋሪው በጣም ይመቸው ነበር። አገሩ ቀድሞውንም የጥቁር ካልነበረ የመውሰዱ ነገር ቀላል ይሆንለታላ። በ1905 ራንዳል ማኪቨር የሚባል አርኪዮሎጂስት ቆፍሮ የአፍሪካውያን ሥራ ነው፣ ዕድሜውም መካከለኛው ዘመን ነው አለ። ሰፋሪዎቹ ተቆጡ። በ1929 ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን የተባለች ሌላ አርኪዮሎጂስት ተላከች። እሷ ያደረገችው ነገር ለተማሪ ለማስረዳት ደስ የሚል ነው። ሌሎች የነካኩትን ትታ፣ ማንም ያልነካው ግንብ ሥር ገብታ ቆፈረች። ግንቡ ሥር ተቀብሮ የሚገኘው ዕቃ ግንቡ ከመሠራቱ በፊት ወይም ሲሠራ የወደቀ መሆን አለበት፤ ከላይ የተጣለ ሊሆን አይችልም። ያገኘችው የአካባቢውን ሰዎች ሸክላ ነው። በባሕር ንግድ የመጡት ዶቃዎች ደግሞ ዘመኑን ለመገመት ረዷት። እሷም የአፍሪካውያን ሥራ ነው አለች።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1965 የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ነጮች ነፃነታቸውን በራሳቸው ካወጁ በኋላ መንግሥታቸው እውነቱን በሚጽፉና በሚናገሩ ባለሙያዎች ላይ ጫና አሳደረ። ፒተር ጋርሌክ የተባለው አርኪዮሎጂስት በ1970 አገሩን ጥሎ ወጣ። አገሪቱ በ1980 ነፃ ስትወጣ ስሟን ከዚያው ግንብ ወሰደች።

እናትየዋ ይህን ልብ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል። የሰፋሪዎቹም ታሪክ የሚያኮራቸው ተመርጦ የተሰጣቸው ታሪክ ነበር። መለኪያው ኩራት ከሆነ እነሱን «ተሳስታችኋል» የምንልበት አቅም አይኖረንም። እነሱም የራሳቸውን፣ እኛም የራሳችንን እያልን እንቀራለን። ያንን ውሸት ያፈረሰው ሌላ ኩራት አልነበረም። ግንብ ሥር የተገኘ የሸክላ ስባሪ ነው።

ትልልቆቹ ክፍሎች ውስጥ ደግሞ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያነሣል። «ቲቸር፣ ታሪክ እኮ ያሸናፊ ወሬ ነው። ሁሉም የራሱ እውነት አለው» ይላል። ይህን ስሰማ ያመኛል። ልጁ ብልህ የሆነ ይመስለዋል፤ ግን ከማሰብ ራሱን እያሳረፈ ነው። ሁሉም እኩል ከሆነ መመርመር ለምን ያስፈልጋል? ለዚህ ልጅ የ1983ቱን የሒትለር ማስታወሻ ነገር እነግረዋለሁ። ሽተርን የተባለው የጀርመን መጽሔት በሚሊዮን የሚቆጠር ማርክ ከፍሎ የሒትለር የግል ማስታወሻ ነው የተባለ ጥራዝ ገዛ። ስመ ጥር የታሪክ ምሁር ሳይቀር መጀመሪያ ላይ እውነት ነው ብሎ መሰከረ። ኋላ ወረቀቱ ሲመረመር ከጦርነቱ በኋላ የመጣ የወረቀት ማንጫ ኬሚካል ተገኘበት። ሥራው የኮንራድ ኩያው የተባለ አታላይ ነበር። እዚህ ላይ «የራሱ እውነት» የሚባል ነገር የለም። ወረቀቱ በሒትለር ዕድሜ አልነበረም፣ አለቀ።

አባትየው ታሪክ ያናቁራል ያሉት ነገር እንዲያው የሚጣል አይደለም። እኔም ክፍል ውስጥ ድምፅ ከፍ ሲል፣ ፊት ሲቀላ አይቻለሁ። ግን ልጆቹ ባዶአቸውን አይመጡም። ከቤት ሰምተው ነው የሚመጡት። ከስልክም። ትምህርት ቤት ዝም ቢል ቲክቶክ ዝም አይልም፣ ቴሌግራም ዝም አይልም። በሩዋንዳ ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ የአገሪቱን ታሪክ በትምህርት ቤት ማስተማር ለዓመታት ቆሞ ነበር። ምን ብለን እናስተምር የሚለው ስለከበዳቸው ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ነገር ግን ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚነገረውን በመመሪያ ማስቆም አይቻልም። በሹክሹክታ የሚነገር ታሪክ ደግሞ «እንዴት ታወቀ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ዝምታ ሳይሆን ሌላ መንገድ የሞከሩም አሉ። ጀርመንና ፈረንሳይ ከ1870 ጀምሮ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል። የሁለቱ አገር ወጣቶች በ2003 በጋራ ተሰብስበው የጋራ የታሪክ መጽሐፍ ይዘጋጅልን ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያው ቅጽ በ2006 ወጣ። ይዘቱ አንድ ነው፤ አንዱ በፈረንሳይኛ፣ ሌላው በጀርመንኛ። ከሁለቱም አገር የመጡ ጸሐፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ነው የሠሩት። ያ መጽሐፍ ጠብ ሁሉ ጠፋ ለማለት አልመጣም። ጠብ ኖሮም አንድ ሰነድ ላይ አብሮ መቀመጥ እንደሚቻል ግን ያሳያል። እኔም ክፍሌ ውስጥ ያየሁት ይኼንኑ ነው። ልጆች ፊት ለፊት ተያይተው ሲከራከሩ ይጣላሉ። ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ጎንበስ ሲሉ ጠባቸው ወደ ወረቀቱ ይዞራል። «እዚህ ጋ ምን ይላል?» ማለት ይጀምራሉ።

ስለ ስልክ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪዬ የድሮ ዘመን ነው የተባለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። ብዙ ሰው ሼር አድርጎታል። ፎቶው ውስጥ ከቆሙት ሰዎች የአንዱ እጅ ስድስት ጣት ነበረው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው። እኔ ሳልናገር ጣቱን የቆጠረችው ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ናት። ነገ ኮምፒውተሩ ጣት መቁጠር ይችልበታል፤ ያኔ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ልጆቹን የሚያድናቸው ከዚያ ቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ማን አነሣው? መቼ? ከዚህ በፊት የት ወጥቶ ነበር? ስታሊን ከምሥጢር ፖሊስ አለቃው ከየዦቭ ጋር በቦይ ዳር የተነሣውን ፎቶ አሳያቸዋለሁ። የየዦቭ ሰው በላነት በራሱ ላይ ዞሮ በ1940 ከተገደለ በኋላ ከፎቶው ላይም ተፋቀ። ቆሞበት የነበረው ቦታ ውኃ ሆነ። ማታለሉ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ማንኛውም ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሊሠራው መቻሉ ነው። አባትየው ለኮምፒውተር ዘመን ታሪክ ምን ያደርጋል ላሉት መልሴ ይኼ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስል ዓመተ ምሕረት መያዝ አያስፈልግም የምል የሚመስላቸው ይኖራሉ። አይደለም። ሰኔና ሐምሌን የማይለይ ልጅ ምክንያትና ውጤትን ሊለይ አይችልም። የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ አርክዱክ ፈርዲናንድ የተገደለው ጁን 28 ቀን 1914 ነው። ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጀችው ጁላይ 28 ነው። ሁለቱን ቀኖች የያዘ ተማሪ ወዲያው «በመሀል ያለው አንድ ወር ምን ተሠራበት?» ይላል። እዚያ ወር ውስጥ ነው የጀርመን የድጋፍ ቃል ያለው። ለሰርቢያ የተሰጠው የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያም እዚያው ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት በአንድ ጥይት ተጀመረ የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ መልስ ያኔ ይፈርሳል። የነበረው ብዙ ሰው የመረጠው ምርጫ ነው፤ ሌላም መምረጥ ይቻል ነበር። ዓመተ ምሕረት ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ታዲያ እንቅፋቱ ምንድን ነው? ፈተናው ነው። ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህን እላለሁ። ልጆቻችን ሞኞች አይደሉም፤ የሚፈተኑትን ነው የሚያጠኑት። «የበርሊን ጉባኤ የተካሄደው መቼ ነው?» ተብሎ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይደረደራል። ልጁ ሌሊቱን ሲቸክል አድሮ 1884 ላይ ያከብባል፤ አገኘ። የአውሮፓ ኃያላን ስለ አፍሪካ በተነጋገሩበት በዚያ ጉባኤ ላይ አንድም አፍሪካዊ እንዳልተወከለ ሳያስብ ያልፋል። ብዙዎቹ ተማሪዎች፣ ትልልቅ ሰዎችም ጭምር፣ የአፍሪካ ድንበር በሙሉ እዚያ አዳራሽ ውስጥ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላቸዋል። የጉባኤውን ስምምነት ብናወጣላቸው ስለ ኮንጎና ስለ ኒጀር ወንዝ ንግድ፣ ስለ ባሕር ዳርቻ አያያዝ የሚያወራ ሆኖ ያገኙታል። አብዛኛው ድንበር የተሠመረው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኃያላኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተፈራረሙት ውል ነው። ይህን ማወቅ የቅኝ ገዢዎቹን ጥፋት አያቀልም። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ወረቀት ፈረመ ብሎ ለመጠየቅ ግን መንገድ ይከፍታል።

ባልደረቦቼ «ጊዜው አይበቃም፣ ክፍሉ ሙሉ ነው፣ መጽሐፉ አያልቅም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም መጽሐፉን ጨርሼ አላውቅም፣ መጨረስም አለበት ብዬ አላምንም። ከምዕራፎቹ ሲሶው ቢቀነስ ማንም አይጎዳም። ከሁሉ በፊት የነገሥታት ስም ዝርዝርና የሹመት ዓመታቸው ይቀነስ። በቀረው ጊዜ እያንዳንዱ ምዕራፍ ላይ አንድ ሰነድ በደንብ ይነበብ። ለዚህ ኮምፒውተር ክፍል አያስፈልግም። ኮፒ ማድረግ ካልተቻለ ሰነዱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይቻላል። እኔ ብዙ ጊዜ የማደርገው እንደዚያ ነው። አምስት መስመር ይበቃል።

ፈተና የሚያወጡት ክፍሎች ይህን ደብዳቤ ካነበቡት የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከታሪክ ፈተናው ግማሹ ተማሪው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው አጭር ሰነድ ይሁን። የነጋዴ ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ዜና፣ የሳንቲም ሥዕል፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ሦስት ጥያቄ ይቀመጥ። ይህን የጻፈው ማን ነው፣ ለማን ብሎ? ከዚህ ሰነድ በእርግጠኝነት ምን ማለት ይቻላል? ምን ማለት አይቻልም? መልሱ በሀ፣ ለ፣ ሐ አይሆንም፣ ስለዚህ ማረሙ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ለማረም ፈቃደኛ ነኝ፤ እረፍቴንም እሰጣለሁ። እንደኔ ያሉ መምህራን ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። አባትየውም እናትየዋም ፈቃዳቸው ከሆነ አንድ ቀን መጥተው ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ። የሳንቲሞቹን ወረቀት እሰጣቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር